ታንከሩ የታጠበ ዕለት

ሐይቁ ዳር ባለው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚኖር ሰው ሁለት ነገር ይፈራል፤ ዝናብ ሲገባ ሐይቁን፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ሲስተርን። ሐይቁ እንኳ አንዳንዴ ይራራል፤ ደጃፍ ድረስ መጥቶ፣ የምድር ቤቱን ሰው ልብ ሰቅሎ፣ ይመለሳል። ሲስተር ግን አይመለሱም። አንዱ ጎረምሳ ቆሻሻውን በፌስታል ደረጃ ላይ አስቀምጦ "ኋላ አወርደዋለሁ" ብሎ ቢተኛ፣ ጠዋት ሲነሳ ፌስታሉን የበሩ እጀታ ላይ በቀዶ ሕክምና ቋጠሮ ታስሮ አገኘው ይባላል። ቢለው ቢሠራው አልፈታ ብሎት በቢላ ነው የቆረጠው። እውነት ይሁን ውሸት እንጃ፤ ብቻ ወሬውን የሰማ ሁሉ "ያደርጉታል" አለ እንጂ "ኧረ ውሸት ነው" ያለ አልተገኘም።

ሲስተር ዕድሜያቸውን የፈጁት ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ የቀዶ ሕክምና ክፍል ዋና ነርስ ነበሩ። ሐኪሙ የከፈተውን ሆድ መልሶ ከመስፋቱ በፊት የገባው ጨርቅና መቀስ በሙሉ መውጣቱን የሚያረጋግጡት እሳቸው ናቸው። እሳቸው "ሙሉ ነው" ሳይሉ መርፌ የሚያነሳ ሐኪም አልነበረም። አንድ ጊዜ ስመ ጥር የሆነ ሐኪም ቸኩሎ ክር ቢያነሳ፣ በሽተኛው ተኝቶ እሳቸው የሐኪሙን እጅ ቸብ አደረጉ። ተማሪዎቹ ሳቃቸውን በጭምብል ውስጥ ዋጡ። በኋላ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ጉበት ሥር ተገኘች። ከዚያ ወዲያ ማንም በሳቸው ቃል ላይ ቃል ጨምሮ አያውቅም። ጡረታ ሲወጡም ከሥራው ወጡ እንጂ ሲስተርነቱ ከሳቸው አልወጣም።

ባላቸው ካረፉ በኋላ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ባለችው ቤታቸው ብቻቸውን ነበሩ። በረንዳዋ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ታያለች። አንድ ልጅ አላቸው፤ ሌላ ከተማ ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ባልና ልጆች ያሏት ሴት ናት፤ ከሰዓት በኋላ በየቀኑ ትደውላለች። የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር የጥገናና የደንብ ኮሚቴ ሲያቋቁም ሰብሳቢ ይጠቆም ቢባል ሁሉም ሰው ዞሮ አንድ ሰው አየ። ሲስተርም ተለምነው አልገቡም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ነበር የመጡት።

እዚያ ሕንፃ ዓመቱ የሚታወቀው በሥራው ነው። ትንኝ ከሐይቁ የምትነሳበት ጊዜ ሲመጣ በረንዳ ላይ መብራት ማብራት ክልክል ነው፤ አንድ ሰው አንዲት አምፖል ረስቶ ካደረ ጠዋት ግድግዳው ጠቁሮ፣ የሞተው ትንኝ በመጥረጊያ ነው የሚታፈሰው። ዝናብ ሊገባ ሲል የውሃ መውረጃው ቦይ ይጠረጋል፣ ጀልባ ያለው ጀልባውን ወደ ላይ ይጎትታል፣ ወደ ውሃው የሚገባው የእንጨት መረማመጃ ወጥቶ ይቀባል። ሐይቁ በጎደለ ጊዜ ደግሞ ውሃው ስለሚደፈርስ፣ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ጭቃ ይዞ ይቀመጣል፤ ያኔ ታንከር ይታጠባል። ከሥራዎች ሁሉ ሲስተር ይቺን ይወዷታል። ውሃ ተዘግቶ የሚከፈትበት ቀን አደገኛ ቀን ነዋ! ቧንቧውን ከፍቶ፣ ውሃ አጥቶ፣ መክፈቱን ረስቶ የሚወጣ ሰው አይጠፋም። ውሃው ሲለቀቅ ከሥር ያለው ጎረቤት ቤት ሐይቅ ይሆናል።

ስለዚህ ሲስተር "የቧንቧ ዙር" የሚባል ነገር አመጡ። ውሃው እንደተዘጋ አሮጌ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው በየቤቱ ይዞራሉ። አባወራ በለው እማወራ፣ እያንዳንዱን ቧንቧ በፊታቸው እያዞረ መዝጋቱን ያሳያል። እሳቸው በዓይናቸው ካዩ በኋላ በሩ እጀታ ላይ ቀይ ክር ያስራሉ። ክር የሌለበት በር ካለ ዘበኛው ውሃ አይለቅም። አምና ታዲያ የመንታዎቹ እናት፣ አራተኛ ፎቅ የምትኖር ገና ልጅ እግር ሴት፣ ክሩ ከታሰረላት በኋላ የአንዱን ልጅ እጅ ልታጥብ ቧንቧ ከፍታ ረሳችው፤ የታችኛው ቤት ምንጣፍ ራሰ። ደንቡ ቤት ያጥለቀለቀ በጉባኤ ፊት ቆሞ ጥፋቱን በራሱ አፍ ይናገር ይላልና፣ ሲስተር አስቆሟት። ልጅቷ አንዱን ሕፃን አቅፋ፣ አንዱን በእጇ ይዛ፣ እያለቀሰች ተናገረች። አንዳንድ ሰው "ይቅርባት እንጂ" ብሎ አጉረመረመ። ሲስተር ግን "እንባ ቧንቧ አይዘጋም" አሉ። የዚያን ዕለት ቤታቸው ገብተው በሰላም ሾርባቸውን ጠጡ።

ዘንድሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ሲስተር የሚያውቁት፣ የሕንፃው ሰው ግን የማያውቀው አንድ ነገር መጥቷል። መርሳት። መጀመሪያ የሰው ስም ነበር፤ ይሁን፣ የሰው ስም ማን የማይረሳ አለ ብለው ተጽናኑ። ቀጥሎ ድስት እሳት ላይ ጥደው በረንዳ ላይ ተቀመጡ፤ ቤቱ በጭስ ታፍኖ ነው የነቁት። ይህን ያየችው ልጃቸው ናት፤ ለጥየቃ መጥታ የከሰለውን ድስት ከአልጋ ሥር ተደብቆ አገኘችው። ድስቱ ባያስደነግጣት መደበቁ አስደነገጣት። "እማዬ፣ አሁን አንድ ነገር ቢደገም አልለምንሽም፤ መጥቼ ነው የምወስድሽ" አለቻቸው። ልጅቱ ቁርጥ እናቷን ናት፤ ያለችውን ታደርጋለች።

ሲስተር የልጃቸውን ቤት ያውቁታል። ከኋላ በኩል ያለችው ክፍል ትሰጣቸዋለች፤ ቴሌቪዥን ይከፈትላቸዋል፤ ሠራተኛዋ ክብሪቱን ትደብቅባቸዋለች። የልጅ ልጆቻቸው "አያቴ አትንኪው" ይሏቸዋል። ሲስተር የሚላቸው አንድ ሰው የለም። ሞትን እንኳ የዚህን ያህል አልፈሩትም፤ ሞትንማ ዕድሜ ልካቸውን አብረውት ሠርተዋል።

እና የታንከሩ ዕለት ማለዳ፣ ሲስተር ጋዋናቸውን ለብሰው፣ ለራሳቸው መጠባበቂያ ትሆን ብለው የወጥ ቤቱን መታጠቢያ ገንዳ በጎማ ደፍነው ውሃ ለቀቁበት። ገንዳው ገና ሳይጋመስ ቧንቧው ሳል ሳል አለና ቆመ። ወዲያው በር ተንኳኳ። ዘበኛው ነው። ሰውየውን ሁሉም "ኮሎኔል" ይለዋል፤ ጦር ሜዳ ውሎ አይደለም፣ ከልባሽ ልብስ ገበያ የገዛው ትልልቅ የናስ ቁልፍ ያለው ካፖርት ስላለው ነው እንጂ ጠመንጃ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ከሚስቱ ጋር በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ይኖራል። "ሲስተር፣ ዘግቻለሁ፤ ዙሩን ይጀምሩ" አላቸው። ሲስተርም ክራቸውን አንስተው ወጡ።

ከላይ ጀምረው እስከ ምድር ቤት ሁሉንም አዩ። የመንታዎቹ እናት ዘንድሮ ሳትጠየቅ ሁሉንም ቧንቧ እያዞረች አሳየቻቸው። ሲስተር "ጎበዝ" ብለው ክር አሰሩላት። የሲስተርን ቧንቧ ግን የሚያይ ሰው አልነበረም። ማን ደፍሮ? ዙሩ ሲያልቅ የራሳቸው በር ጋ ቆሙ፣ የመጨረሻዋን ክር እጀታው ላይ አሰሩ፣ አጥብቀው ቋጠሩ፣ ከዚያም ወደ ጣሪያው ወጡ። ወደ ውስጥ አልገቡም።

አጣቢዎቹ ጭቃውን በባልዲ እያወጡ ሲሠሩ ቆመው አዩ፣ ተቆጡ፣ አንዱን ጫማውን አስወልቀው አስታጠቡት። ሥራው ሲያልቅ ለኮሎኔል "ዋናውን መዝጊያ ባንዴ እንዳትለቀው፤ ትንሽ ከፈት፣ ቆም፣ ደግሞ ትንሽ። ባንዴ ከለቀቅከው ግድግዳ ውስጥ ያለውን መገጣጠሚያ ያፈነዳዋል" ብለው ነገሩት። በየዓመቱ የሚሉት ነው። እሱም በየዓመቱ እንደሚያደርገው ራሱን ነቀነቀ። እሳቸው ዝናብ ቀርቧልና መረማመጃው ሲቀባ ለማየት ወደ ሐይቁ ዳር ወረዱ፤ ነፋሱ ደስ አላቸውና ቆዩ።

ተመልሰው በራቸውን ሲከፍቱ ውሃው ጫማቸው ላይ መጣ።

ውሃው ከቧንቧው ይወርዳል፣ ገንዳው ሞልቶ ይፈስሳል፣ ወለሉ ላይ ያለው ውሃ መኝታ ቤት ደርሷል። ሲስተር አልጮሁም። ቧንቧውን ዘጉ፣ ጎማውን ነቀሉ፣ ፎጣና አንሶላ ያገኙትን ሁሉ ጣሉበት፤ እንደዚያ ተንበርክከው እየጨመቁ እየጠረጉ፣ ያ ከድሮ የለመደ እጃቸው ምንም ሳይደነግጥ ወለሉን አደረቀው። "ማንም አላየም" አሉ ለራሳቸው። የረጠበውን አንሶላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከምረው በሩን ዘጉበት። ልክ ያኔ ከሥር የሴት ጩኸት ተሰማ።

ከሥር የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ ናት። ለአንድ ሆቴል መጋረጃ ስትሰፋ ነው የከረመችው፤ ወተት የመሰለ ጨርቅ፣ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ሳሎኗ ውስጥ ተደርድሮ ነበር። የመስኮት ልክ ልታረጋግጥ ሆቴሉ ድረስ ሄዳ ስትመለስ የጣሪያው ውሃ ቡናማ ሆኖ ከላይ እስከ ታች ወርዶበት አገኘችው። ሲስተር ሲወርዱ ጎረቤት ተሰብስቧል፤ ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አንዱን መጋረጃ ደረቷ ላይ ይዛ "ዓይኔ እስኪጠፋ ነው እኮ የሰፋሁት" ትላለች። ሰዉ ለሲስተር መንገድ ለቀቀ። እሳቸውም ገብተው ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

ማንም "እርስዎ ቤት ነው ወይ" ብሎ አልጠየቃቸውም። በራቸው ላይ ክሩ ታስሯል፤ እሱስ ባይታሰር፣ ሲስተር ናቸው። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ዳቦ ቤት ያለው ሰውዬ፣ ጣሪያውን አይቶ "ይሄ የግድግዳ ቧንቧ ነው፤ መገጣጠሚያው ፈንድቷል" አለ። ከዚያ ዞር ብሎ ጩኸቱን ሰምቶ የመጣውን ኮሎኔልን "ባንዴ ለቅቀኸው ነው ወይ?" አለው። ኮሎኔል ሰው ሁሉ ባንዴ ሲያየው ኮፍያውን አውልቆ ሲስተርን አየ። ሊቀመንበሩ ወደ ሲስተር ዞረ። "እርስዎ ምን አሉት?"

ያኔ መናገር ነበረባቸው። ቃሉ አፋቸው ላይ ነበር። ግን የልጃቸው ፊት መጣባቸው፣ ከኋላ ያለችው ክፍል መጣችባቸው፣ አምና ያስቆሟት የመንታዎቹ እናትም በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች።

"ቀስ ብለህ ክፈት ብዬው ነበር" አሉ።

ያሉት እውነት ነው። አንድም የሐሰት ቃል የለበትም። ሰውየው ግን በዚያ እውነት ውስጥ ሰጠመ። ሰዉ ባንድ አፍ "አየህ!" አለ። ኮሎኔል አንገቱን ደፋ። ሲስተር ደረጃውን ሲወጡ የደረጃውን ብረት ያዙ፤ ሰው ያዘኑ መስሎት ደገፋቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አላቸው። መታጠቢያ ቤት ያለው አንሶላ መሽተት ጀመረ፤ በረንዳ ላይ ሊያሰጡት አፈሩ። አንሶላ በሙሉ ባንዴ ያጠበ ሰው ምን ሆኖ ነው ይባላላ! በመስኮት ወደ ታች ማየት ተዉ፤ በሩና የበሩ ሰው ይታያሉ። ልጃቸው ደውላ የታንከሩ ሥራ እንዴት ሆነ ብትላቸው "በሰላም አለቀ" አሏት፤ ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው ይቃጠል ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ሆስፒታል ሲሠሩ ዋሽተው አያውቁም፤ ሰው ሲዋሽ ደግሞ ከዓይኑ ያውቁበታል። አሁን መስታወት ፊት ፀጉራቸውን ማበጠር አስጠላቸው።

ከሁሉ የባሰው ኮሎኔል ነው። ቢያኮርፋቸው ምን ነበረበት! እሱ እቴ። ከሱቅ ሲመጡ ሮጦ ዘንቢላቸውን ይቀበላቸዋል፣ ደረጃውን ቀድሟቸው ይወጣል፣ በሩ ጋ አስቀምጦ "አሳፈርኩዎት ሲስተር" ይላቸዋል። አሳፈርኩዎት! ሲስተር ቁልፉ ከበሩ አልገጥም ብሏቸው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውት፣ "ይሁን፣ ይሁን" ይላሉ። እሱ እስኪወርድ ቆመው ይጠብቃሉ። ከገቡ በኋላ ወንበር ላይ ዘንቢላቸውን እንደታቀፉ ይቀመጣሉ።

ቧንቧ ሠሪ መጣ። ሊቀመንበሩ የላከው ነው፤ የፈነዳውን መገጣጠሚያ ፈልጎ እንዲጠግን። በሲስተር ወጥ ቤት በኩል ግድግዳውን ነካካ፣ አንኳኳ፣ መዳፉን ለጥፎ አዳመጠ። ግድግዳው ደረቅ ነው አለ። ውሃው ከወለል ነው የወረደው ብሎ ከመናገሩ በፊት ወደ ገንዳው አየ፣ ከዚያ ወደሳቸው አየ፣ ከዚያ ዓይኑን ሰበረ። የሳቸውን ግማሽ ዕድሜ የሚሆን ሰው ነው፤ እሱ ለሳቸው አፈረ። ሲስተርም ለሊቀመንበሩ እኔ ራሴ እነግራለሁ ብለው ሸኙት። ሰውየው መሣሪያውን ይዞ ሲወጣ "ይቅናዎት" ነው ያለው፤ ምኑ እንዲቀናቸው እንደሆነ እንጃ።

ልብስ ሰፊዋ ደግሞ አንድ ቀን ሻይ ይዛ መጣች። ሲስተር ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ በላይ ያዘኑላት መስሏታል፤ ፊታቸው እንዲያ የገረጣው በሷ ሐዘን ነው ብላ። ሆቴሉ ሥራውን ለሌላ ሰጥቶባታል። "ኮሎኔልን እናባርረው የሚሉ አሉ፤ ለእኔ አይዋጥልኝም" አለች፤ "ግን እርስዎ ያሉትን ሰምተው እንዴት ዝም ይበሉት?" ሲስተር ሻዩን አፋቸው ድረስ አድርሰው መለሱት። አሁን ልንገራት አሉ በልባቸው። ነገ አሉ። ሴትየዋ ትከሻቸውን ዳብሳ ሄደች።

ጉባኤው የተጠራው እሑድ ነው። የምድር ቤቱ አዳራሽ ሞላ፤ ወንበር ያላገኘ መስኮት ላይ ተቀመጠ። ሲስተር እንደ ወትሮው ፊት ለፊት፣ ከሊቀመንበሩ ቀጥሎ ተቀመጡ። አመጣጣቸው እንዲያው ዝም ለማለት ነበር፤ ሰውየውን በማስጠንቀቂያ ያልፉት ይሆናል፣ እኔም አዝኜለት እለምንለታለሁ፣ እንዲያውም ልመናዬ ይረዳዋል ብለው ራሳቸውን ሲደልሉ ነው ያደሩት። ሊቀመንበሩ ግን ነገሩን አሳጠረው። አንድ ሰው ሥራውን በቸልተኝነት ሠርቶ የጎረቤት ንብረት አጥፍቷል፤ ዘበኛው ይሰናበት፣ ክፍሉንም ይልቀቅ የሚል ሐሳብ ቀርቧል አለ። ከዚያ ኮሎኔል የሚለው ካለ ይበል ተባለ።

ኮሎኔል ካፖርቱን ቆልፎ መጥቷል። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ተነሳ።

"እኔ እንደማስታውሰው ቀስ ብዬ ነው የከፈትኩት" አለ። "ሲስተር እንዳስተማሩኝ፣ ትንሽ ከፈት፣ ቆም። ግን ሲስተር አይሳሳቱም። እሳቸው ከጠረጠሩኝ እኔ ነኝ የረሳሁት።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "እንደውም ከዚያን ቀን ወዲህ ራሴን ማመን አቅቶኛል። በሩን እዘጋለሁ፤ ዞር ስል መዝጋቴን እጠራጠራለሁ፤ ተመልሼ አየዋለሁ። ደግሜ እመለሳለሁ። ሚስቴ፣ አንተ ሰውዬ ምን ነካህ ትለኛለች። ዘበኛ ራሱን ካላመነ ምን ዘበኛ ነው? ብታሰናብቱኝ አልቀየምም።"

ሲስተር ይህን አልጠበቁም። ሰውየው እንዲሟገት ነበር የጠበቁት። እንዲምል፣ እንዲቆጣ። በሩን ዘግቶ መዝጋቱን መጠራጠር፣ ተመልሶ ማየት፣ ደግሞ መመለስ፤ ያንን እሳቸው ያውቁታል። የሳቸው በሽታ ነው። የራሳቸውን በሽታ አውጥተው ጤነኛ ሰው ላይ አስቀምጠውበት፣ እሱ ደግሞ አመስግኖ ተሸክሞታል። እንዲህ ያለ ሐፍረት መኖሩን እስከዚያች ሰዓት አያውቁም ነበር። ሳያስቡት ቆሙ።

"የኔ ቧንቧ ነው" አሉ። "ከፍቼው ወጣሁ። ውሃው ከኔ ቤት ነው የወረደው።"

ከዚያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጭብጨባ! የጀመረችው የመንታዎቹ እናት ናት። ሊቀመንበሩም ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ሲስተር እንዲህ ያለ ልብ እንዳላቸው አላውቅም ነበር፣ ለአንድ ዘበኛ ብለው ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ወሰዱ አለ። "ደንብ ደንብ ይላሉ እንጂ ሆደ ቡቡ ናቸው እኮ" አለች አንዷ ከኋላ። ሲስተር እጃቸውን አነሱ፣ "ስሙኝ" አሉ፣ ማን ይስማቸው። ዕድሜ ልካቸውን የገነቡት ስም ፊታቸው ቆሞ አላሳልፍ አላቸው። እንዲያምኗቸው ከፈለጉ የደበቁትን ሁሉ አውጥተው ማሳየት ሊኖርባቸው ነው።

አወጡት። ድስት አሳርረው ከአልጋ ሥር መደበቃቸውን ተናገሩ። የዙሩን ዕለት ክሩን ወደ ውስጥ ሳይገቡ በበራቸው ላይ ማሰራቸውን፣ ተንበርክከው በአንሶላ ወለሉን ማድረቃቸውን፣ አንሶላው እስካሁን መታጠቢያ ቤት መሆኑን ተናገሩ። "አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ የራሴ ሕንፃ ጠፋኝ" አሉ፤ "ሰው መጠየቅ አፍሬ፣ ሐይቁን ዳር ዳሩን ይዤ ነው ያገኘሁት። እየረሳሁ ነው። ልጄ ካወቀች ትወስደኛለች ብዬ ነው የደበቅኩት።" ይህን ሁሉ ሲናገሩ እጃቸው የወንበሩን መደገፊያ አልለቀቀም።

አሁን አመኗቸው። ልብስ ሰፊዋ በእጇ አፏን ይዛ አለቀሰች። ሰው ሁሉ ባንዴ ራራ፤ የኔ እናት እንዲህ ነበረች፣ የኔ አጎት እንዲህ ሆኖ ነበር ተባለ። ሊቀመንበሩ ለመዝጋት ቸኮለ። "ይሄ በሽታ ነው፤ የታመመ ሰው አይጠየቅም። ማንም ጥፋተኛ የለም፤ ኮሎኔልም ሥራው ላይ ይቆያል" አለ። ሁሉም ተስማማ። ሲስተር ያን ርኅራኄ ሲሰሙ፣ እግዜር ይቅር ይበላቸው፣ ለአንድ አፍታ ቀለል አላቸው። ከሱ ውስጥ ገብተው መደበቅ ይቻል ነበር።

ኮሎኔል አልተቀመጠም።

"ታዲያ እኔ አልረሳሁም ማለት ነው?" አለ።

"አልረሳህም" አሉ ሲስተር።

ሰውየው ኮፍያውን በእጁ አገላበጠው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በጣም በዝግታ፣ ልክ የታመመ ሰው ሲያናግሩ እንደሚያናግሩት፣ "ያን ዕለት ግን፣ ቀስ ብለህ ክፈት ብዬው ነበር ሲሉ፣ የእርስዎ ቧንቧ መሆኑን ረስተውት ነው አይደል?" አላቸው።

አዳራሹ ሁሉ አዎ እንዲሉ ፈለገ። እሱም ፈልጓል፤ ከፊቱ ያስታውቃል። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ማንም አይጠራጠራቸውም፤ እንዲያውም አቅፈው ነው የሚሸኟቸው።

"አይደለም" አሉ ሲስተር። "እሱን አልረሳሁትም። እያወቅኩ ነው ያልኩት።"

ያጨበጨበ የለም፤ ያለቀሰም የለም። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከሳቸው ላይ አነሳች። ኮሎኔል "እሺ" አለ። ኮፍያውን ደፋና በወንበሮቹ መሃል አልፎ ወጣ። ውጭ መኪና ጥሩምባ ይነፋ ነበር። ሲስተር ከቆሙበት በመስኮቱ ያዩታል፤ በሩን ከፈተ፣ መኪናው ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ከዚያ ወደ ክፍሉ ሄደ። ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር፤ ዞሮ እንኳ ቢያያቸው። እሱ ግን ወደ በሩም፣ ወደሳቸውም ዞር ሳይል ገባ።